ጅማ ላይ እቤት ለተኛች እናት አስታማሚ ስንቀጥር ምን እንይ?

የኪቶ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

እናቴ ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ነው የምትኖረው። ስትሮክ መቷት ቀኝ እጅና እግሯ አይታዘዝላትም። ስኳርና ደም ግፊትም አለባት። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ሁሉም ነገር እኛ ላይ ነው የወደቀው። እኔ ስራዬ አዲስ አበባ ነው። ታናሽ ወንድሜ አብሯት ይኖራል፣ ግን ቀን ሱቅ ነው የሚውለው። ገላዋን ደግሞ ወንድ ልጇ እንዲያጥባት በፍጹም አትፈልግም፣ መብቷም ነው።

በደላላ አንዲት ሴት ቀጠርን። "በሽተኛ አስታምሜ አውቃለሁ" ብላ ነው የገባችው። ተያዥ አላት፣ የመታወቂያዋን ኮፒ ይዘናል። ስደውል መልሱ ሁሌ "ደህና ናቸው" ነው። ባለፈው ስሄድ ግን ከወገቧ በታች አጥንቱ ላይ ቆዳዋ ጠቁሮ አገኘሁት። ስነካው ይሞቃል። ያስተዋለው ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ለእንዲህ ዓይነት ስራ መለኪያው ምንድን ነው? የሚቆጣጠር አካል አለ? ሩቅ ሆኜስ በደንብ እየተያዘች መሆኑን በምን ልወቅ?

ሲስተር ዘጅሬን፦

አላህ አፊያ ያድርግልሽ እህቴ። ነርስ ነኝ፣ እቤት ለቤት እየሄድኩም ታማሚ አያለሁ።

ከጠቆረው ቆዳ ልጀምር፣ እሱ አይቆይም። በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ቀለሙ ሳስቶ ካልተመለሰ የአልጋ ቁስል ጀምሯል ማለት ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ ብዙ ቤተሰብ ሳያየው ያልፋል፣ ስለዚህ በእጅ ነው የሚታወቀው፦ ከዙሪያው ይሞቃል፣ ይጠነክራል ወይም ይለሰልሳል፣ ያማቸዋል። ቦታውን አትሹት። ብዙ ሰው ቅባት ይዞ ማሸት ይቀናዋል፣ ውስጥ የተጎዳውን ሥጋ ይብስበታል። መሃሉ ክፍት በሆነ ክብ ነገር ላይ ማስቀመጥም አይረዳም፣ ዙሪያውን ደም እንዳይደርስ ያንቃል። የሚያድነው ከዚያ ቦታ ላይ ክብደታቸውን ማንሳት ነው። በየ 2 ሰዓቱ ያገላብጧቸው፣ ግን ሙሉ በሙሉ በጎን አይደለም፣ ከጀርባቸው ትራስ ገብቶ ጋደም ይበሉ። ከባታቸው ስር ትራስ አድርጋችሁ ተረከዛቸው አየር ላይ ይሁን። ሲነሱ በአንሶላ ለሁለት ያንሷቸው እንጂ አይጎተቱ፣ ቆዳው ይላጣል።

አንድ ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር አለ። በስትሮክ የደከመውን እጅ ይዞ መጎተት። ሊያስነሷቸው ሲሉ ሁሉም የሚይዘው እጅን ነው። ትከሻው ከመገጣጠሚያው ይወርዳል፣ ከዚያ ሕመሙ አብሯቸው ይኖራል። በትከሻቸው ጀርባና በወገባቸው ይደገፉ።

ምግብ ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ በደህናው የአፍ ጎን ይግባ። ስትሮክ ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ ከገንፎ ይልቅ ውሃ ነው ትን የሚለው። ውሃ ጠጥተው ካሳላቸው ወይም ድምፃቸው እርጥብ እርጥብ ካለ ለሐኪም ንገሩ፣ ሳንባ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። በልተው ሲጨርሱ በደከመው ጉንጭ ውስጥ ምግብ መቅረቱን እዩ፣ ከዚያም ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀመጡ።

ስኳር ላይ ደግሞ መድሃኒቱን ወስደው ምግብ እምቢ ያሉ ቀን ነው አደጋው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ ከመጣ ቶሎ ለኩ። ከ 70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፣ ከ 15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይግባ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሲዘባርቁ "ስትሮኩ ተመለሰ" ተብሎ በዝምታ የሚጠበቅበት ቤት አውቃለሁ።

ስለ ቁጥጥር፦ እንደ እኔ ያለ ነርስ የታደሰ የሙያ ፈቃድ አለው፣ አሳየኝ በይ፣ አታፍሪ። የቤት አስታማሚን ግን እቤትሽ መጥቶ የሚያይልሽ የለም። ያ ስራ ያንቺና የወንድምሽ ነው።

የሄርማታው፦

አባቴን እቤት አስታምሜያለሁ፣ ነፍሱን ይማርና። ሲስተር ያለችው ላይ ስለ ቤቱ ልጨምር።

ጅማ ክረምቱን ታውቂዋለሽ። ሽንት ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ከሆነ በዚያ ጭቃ ማታ ማታ መመላለስ አይታሰብም። የእንጨት ስራ የሚሰሩት ጋ ሄደሽ መሃሉ የተቀደደ፣ ሁለት እጀታ ያለው ጠንካራ ወንበር አሰሪ፣ ከስር ባልዲ ይገባል። በርጩማ የሚጠርብ ባለሙያ በሞላበት ከተማ ይሄ አይከብድም። ቁመቱን ለክታችሁ ስጡት፣ እማማ ሲቀመጡ ሁለቱም እግራቸው መሬት መንካት አለበት። አልጋውም እንደዛው። እኛ ቤት አልጋው ከፍ ያለ ስለነበር እግሩን አስቆረጥነው።

የፕላስቲክ ምንጣፉን ከአልጋው አጠገብ አንሱ፣ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል። ነጠላ ጫማ ይቅር፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን። መብራት ሲሄድ በእጃቸው የሚደርሱበት ባትሪ ትራስጌያቸው ይኑር። ከሰል ደግሞ እባካችሁ! ብርድ ነው ተብሎ የተቀጣጠለ ከሰል መኝታ ቤት ገብቶ በር ይዘጋል። ቡናውም እሳቸው ጋ ይፈላ ከተባለ መስኮትና በር ተከፍቶ ይሁን። መነሳት የማይችል ሰው ሲታፈን ወጥቶ አየር አያገኝም።

"ደህና ናቸው" ለሚለው መልስ፦ "እንዴት ናት?" ብለሽ አትጠይቂ። "አሁን በየት ጎን ነው የተኛችው? ምሳ ምን በላች፣ ስንት ጉርሻ? ዳይፐሯ መቼ ተቀየረ? ግፊቷ ስንት ነበር?" በያት። አንድ ደብተር ግዙ። መድሃኒት የተሰጠበት ሰዓት፣ የተገላበጡበት ሰዓት፣ ግፊትና ስኳር ይጻፍበት። ማታ ማታ ወንድምሽ ገጹን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልሽ። ሁሉም ሰዓት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ከመሰለ ታውቂዋለሽ።

አስታማሚ ነበርኩ፦

እኔ ከሌላው ወገን ነኝ። ሰው ቤት ገብቼ አሮጊቶች አስታምሜያለሁ፣ አሁን ሌላ ስራ ላይ ነኝ። ሁላችሁም ሴትዮዋ ምን ማድረግ እንዳለባት ጻፋችሁ። እሷ መቼ ትተኛለች?

እኔ የሰራሁበት አንድ ቤት እንጀራ እጋግራለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ለእንግዳ ቡና አፈላለሁ፣ ሌሊት ደግሞ እሳቸውን አገላብጣለሁ። የእረፍት ቀን የሚባል የለም። ይሄ በሰው አቅም አይሆንም። አንዴ ሽንታቸው አልጋው ላይ ስለፈሰሰ ሰው ፊት ተሰደብኩ። ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር ባይ እንኳ ለመናገር እፈራ ነበር። ያንቺዋም ቁስሉን አይታ ፈርታ ዝም ብላ ይሆናል፣ ወይም ምን መሆኑን የነገራት ሰው የለም። "ካየሽ ንገሪኝ፣ በነገርሽኝ አልቆጣም" በያትና ስትነግርሽም እውነት አትቆጪ።

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለት ነው፣ የቤት ሰራተኛን አይሸፍንም። ስለዚህ እናንተው ተጻጻፉ። ደመወዙ ስንት ነው፣ በሳምንት የምታርፍበት ቀን የቱ ነው፣ ሌሊቱ የማን ነው፣ እንጀራውን ማን ይጋግራል። አስታማሚ ከሆነች አስታማሚ ትሁን። ጓንትና ሳሙና ከእሷ ደመወዝ አይወጣም።

ደግሞ እናትሽን ጠይቂያት። ስትታጠብ በሩ ይዘጋል? ልብሷ ከመገለጡ በፊት ይነገራታል? ለብ ያለ ውሃ ነው? አንደበቷ ባይፈታም በአይኗ ትመልስልሻለች። በስትሮክ መናገር ያቃታቸው ሴትዮ ሁሉንም ይሰሙ ነበር፣ ዘመዶቻቸው ግን ከአልጋቸው አጠገብ ቆመው ስለ ቀብራቸው ያወሩ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ይቅር።

የኪቶ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የመጨረሻውን ሳነብ አልቅሻለሁ። ሴትዮዋን አላስወጣትም፣ ቁጭ ብለን እናወራለን። ልብስ የምታጥብና እንጀራ የምትጋግር ሌላ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፣ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ሲስተር፣ ሌሊቱን ግን በየ 2 ሰዓቱ ማን ይነሳ? ወንድሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሱቅ መክፈት አለበት።

ሲስተር ዘጅሬን፦

ጥሩ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ካላቸውና ቆዳቸው ደህና ከሆነ ሌሊት በየ 4 ሰዓቱ ወደ ማገላበጥ ሊራዘም ይችላል። አሁን ግን ቦታው ጠቁሯል፣ እስኪመለስ አታራዝሙት። በፈረቃ አድርጉት፦ እስከ እኩለ ሌሊት ወንድምሽ ያገላብጣቸው፣ ልብሳቸው ሳይገለጥ በአንሶላው ስለሆነ እሳቸውም አያፍሩም። ከዚያ እስኪነጋ አስታማሚዋ ትረከብ፣ ቀን ላይም እንድትተኛ ፍቀዱላት። የተጎዳው ቦታ እንዳይጫን በጀርባቸው አያስተኟቸው።

ቆዳው ከተከፈተ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ከሸተተ ወይም ካተኮሳቸው ሳታሳድሩ ወደ ሆስፒታል። ስትሄዱ መድሃኒቱን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለቀውንም ጭምር፣ ደብተሩንም አትርሱ። የስኳር መርፌ ካላቸው የተከፈተው ብልቃጥ ላይ የተከፈተበትን ቀን ጻፉበት፣ በ 28 ቀን ይጣላል።