«ዲትሮይትን ያዳነው ያ የሽንፈት ዓመት ነው» ላልከው ልጅ

የከዚራ ልጅ፦
ትናንት ማታ ስለ NBA (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድን ስለ ዩታ ስናወራ አንዱ እዚህ ግሩፕ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ዩታ 17 አሸንፎ 65 ተሸነፈ ብላችሁ አትሳቁ። ዲትሮይትን ያዳነው ያ የሽንፈት ዓመት ነው።» ብዙ ሰው ላይክ አደረገው። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የ2023-24ን (እ.ኤ.አ.) ዲትሮይት ከዚህ ከድሬ ሆኜ ተከታትዬዋለሁ። ጨዋታው እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የሚጀምረው። ሦስት ተጫውተው ሁለቱን አሸነፉ። ከዚያ 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። ኮከባቸው ኬድ ካኒንግሃም ብሩክሊን ላይ 41 ነጥብ አስቆጥሮ እንኳን ተሸነፈ። የገዛ ደጋፊያቸው «ቡድኑን ሽጡት» እያለ ጮኸ። መጨረሻ ላይ 14 አሸንፈው 68 ተሸነፉ። ታዲያ ምን አተረፉ? ደካማ ቡድኖች በድራፍት አዳዲስ ተጫዋች የሚመርጡበትን ተራ በሚያወጣው ሎተሪ 5ኛ ወጡ። ከሁሉ የመጨረሻ ለሆነ ቡድን ከዚያ የባሰ ዕጣ የለም፣ ሕጉ ከ5ኛ በታች አያወርድህም። ያውም ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት። ይሄ ነው ያዳናቸው?

ሳቢያን 23፦
ያልኩት እኔ ነኝ አቦ፣ «አንዱ» ከምትል በስሜ ብትጠራኝ ምን ነበረበት። አሁንም እላለሁ፣ ያዳናቸው እሱ ነው። በቀጣዩ ዓመት 44 አሸነፉ። ከ14 ወደ 44! በአንድ ዓመት የድሉን ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ ያደረገ ቡድን ከዚያ በፊት በሊጉ ታሪክ አልነበረም። ይሄ ከሰማይ ወረደ? ኬድ፣ ዱረን፣ አሳር ቶምፕሰን በዚያ ሽንፈት ውስጥ ተጫውተው ነው የጠነከሩት። ኬድን ራሱን በ2021 በአንደኛ ምርጫ ያገኙት በመሸነፍ ነው።

የከዚራ ልጅ፦
«ያዳናቸው» አልክ፣ እንግዲህ እሷን አልለቅህም። ኬድ በ2021 መጣ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ስንት አሸነፉ? 23፣ 17፣ 14። እየወረዱ ነው የሄዱት። ሽንፈት የሚያጠነክር ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ዓመት ዋንጫ ያነሱ ነበር።
ያዳናቸው በ2024 ክረምት የሆነው ነው። አሰልጣኙ ሞንቲ ዊሊያምስ የ6 ዓመት የ78.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ነበረው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ አሰናበቱት። ትራጃን ላንግደን የቡድኑ ኃላፊ ሆኖ መጣ። አሰልጣኝ ቢከርስታፍን ቀጠሩ። ቶባያስ ሃሪስን፣ ማሊክ ቢስሊን፣ ቲም ሃርዳዌይ ጁኒየርን አመጡ። ሥራውን የሚያውቁ ጎልማሶች ናቸው። ቢስሊ ብቻውን በዚያ ዓመት 319 የሦስት ነጥብ ኳስ አስገባ። ኬድ ሜዳው ሲከፈትለት አይተኸዋል። አንድ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ከክፍል ቀርቶ ወደቀ እንበል። በቀጣዩ ዓመት ጥሩ አስተማሪ አግኝቶ ሲያልፍ «መቅረቴ ነው ያሳለፈኝ» ይላል? አንተ እያልክ ያለኸው እሱን ነው።

አሸዋ ሰፈሯ፦
እኔ የኦክላሆማ ደጋፊ ነኝ፣ ስለዚህ ልናገር። በ2020-21 22 አሸንፈን 50 ተሸነፍን። በቀጣዩ ዓመት 24 ለ 58። ሜምፊስ በ73 ነጥብ ልዩነት ሲያሸንፈን፣ 152 ለ 79፣ እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ማን ማን እንደሳቀ አልረሳሁም። በ2025 ግን 68 አሸንፈን፣ ኢንዲያናን በሰባተኛው ጨዋታ ጥለን ዋንጫ ወሰድን። ትዕግስት ያለው ደጋፊ የሚያገኘው ይሄን ነው። ሳቢያን ልክ ነው።

ለገሃሬ፦
እህቴ፣ ዋንጫው ይገባችኋል፣ ማንም አይነጥቅሽም። ግን ዋንጫውን ያነሱት እነማን ናቸው? ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በ2019 ፖል ጆርጅን ለክሊፐርስ ሲሰጡ የመጣ ነው። ጄለን ዊሊያምስ 12ኛ ምርጫ ነው፣ ምርጫው ራሱ የክሊፐርስ ነበር። ዶርትን በድራፍት ማንም አልመረጠውም። ሃርተንስታይን በነፃ ዝውውር ነው የመጣው። ካሩሶ ጊዲ በሚባል ተጫዋች ተለውጦ መጣ። በሽንፈት የተገኘው ዋነኛ ሰው ቼት ሆልምግሬን ነው፣ 2ኛ ምርጫ። እሱም ትልቅ ነው፣ አልክድም። ግን ቡድኑን የሠራው ሥራ አስኪያጁ ሳም ፕሬስቲ ቁጭ ብሎ ያሰበው ነገር ነው።

አሸዋ ሰፈሯ፦
ፖል ጆርጅን ያህል ተጫዋች መስጠት ማፍረስ አይደለም? ደፍረው ባያፈርሱ ሼይ ከየት ይመጣ ነበር? እኛ ሆን ብለን አልተሸነፍንም፣ ወጣቶችን አጫወትን። ሁለቱን አታምታቱ።

ለገሃሬ፦
አል ሆርፎርድስ? በ2021 መጋቢት ላይ ደህና እየተጫወተ፣ ጉዳት ሳይኖርበት «ከዚህ በኋላ አትጫወትም» ብለው ወደ ቤቱ ላኩት። እሱን ምን እንበለው?

ሳቢያን 23፦
ሆርፎርድ ሽማግሌ ነበር፣ ለወጣት ቦታ ለቀቀ። ምን ችግር አለው።

ለገሃሬ፦
ሽማግሌ? ከዚያ በኋላ በ2024 ከቦስተን ጋር ዋንጫ አነሳ እኮ!

ምድር ባቡር፦
ልጆች፣ እኔ ቅርጫት ኳስ የማየው ከልጄ ጋር ነው፣ እንደ እናንተ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኛ አገር የእግር ኳስ ሊግ ላይ የመጨረሻ የወጣ ይወርዳል። ድሬዳዋ ከተማ ወራጅ ቀጠና አካባቢ ሲሆን ከተማው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሰው ምሳውን አይበላም። እዚያ ግን የመጨረሻ የወጣ ይሸለማል። መሸነፍ የሚያሸልም ከሆነ ተመልካቹ ትኬት የሚቆርጠው ምን ሊያይ ነው? ያ አባት ልጁን ይዞ ስታዲየም የገባው በዚያ ምሽት ቡድኑ እንዲታገልለት ነው።

ሳቢያን 23፦
ጋሼ፣ አክባሪዎ ነኝ፣ ግን ከነማን እዚህ አያምጡት። እዚያ መውረድ የለም፣ ሕጉ ሌላ ነው። ደካማው መጀመሪያ እንዲመርጥ የተደረገው ሀብታሙ ብቻ እንዳይበላ ነው። እኛ ጋ ይሄ ቢኖር እኮ ከክፍለ አገር ያለ ክለብም ተስፋ ይኖረው ነበር።

የመጋላ፦
ከነማ ለምን አይመጣም? ብርቱካናማዎቹን ስንደግፍ ማን «ሦስት ዓመት ታገሡ» ብሎን ያውቃል? አሰልጣኙ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ መንገድ ላይ መሄድ ያቅተዋል። እኔ ይሄ ልክ ነው አልልም። እዚህ አገር ክለቦች በየክረምቱ ብዙ ተጫዋች ይለውጣሉ፣ የሰፈር ልጅ ቁጭ ብሎ ያያል። ትንሽ የግንባታ ትዕግስት ብንማር አይከፋም።

ምድር ባቡር፦
የሰፈር ልጅ ይጫወት ካልክ አብሬህ ነኝ። የሰፈር ልጅ እየታገለ ቢሸነፍ አጨበጭብለታለሁ። እንዲሸነፍ ብለው ቢያስቀምጡት ግን አላጨበጭብም።

የከዚራ ልጅ፦
ጋሼ ያሉት እኮ ነው ዋናው! ዩታን እዩ። ላውሪ ማርካነን መጫወት እየቻለ አስቀመጡት ተብሎ ሊጉ በ2025 መጋቢት 100 ሺህ ዶላር ቀጣቸው። ከሁሉም የከፋ ውጤት ይዘው ጨረሱ። ዕጣው ሲወጣስ? 5ኛ። አንደኛ ምርጫ የሆነውን ኩፐር ፍላግን ማን ወሰደ? ዳላስ! 39 ያሸነፈ፣ 1.8 በመቶ ዕድል የነበረው፣ ኮከቡን ሉካን በገዛ እጁ የሰጠ ቡድን። ከ2019 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች ለአንደኛ ምርጫ እኩል 14 በመቶ ነው ያላቸው። ድሮ የመጨረሻው 25 በመቶ ነበረው። አሁን የመጨረሻ የወጣው 5ኛ ሆኖ የመቅረት ዕድሉ 48 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ የምትሸነፈው?
ዌምባንያማ አንደኛ ሆኖ በተመረጠበት በ2023ም ከሁሉም የባሰው ዲትሮይት ራሱ ነበር። ዕጣው ለሳን አንቶኒዮ ወጣ።

ሳቢያን 23፦
ሳን አንቶኒዮስ በዚያ ዓመት 60 አልተሸነፈም እንዴ? 22 ለ 60 እኮ ነው! የራስህ ምሳሌ ለእኔ መሰከረልኝ። ዌምባንያማን ያገኙት በመሸነፍ ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ያገኙት በዕጣ ነው። ዲትሮይት ከእነሱ በላይ ተሸንፎ ምን አገኘ? «ያዳናቸው» ያልከውን ወደ «ዕድል ሰጣቸው» ለውጥልኝና እንስማማ።

ሳቢያን 23፦
አልለውጥም። ያዳናቸው ነው።

የመጋላ፦
ፊላደልፊያንስ ማን አዳነው? ሳም ሂንኪ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጥቶ 19 አሸነፉ፣ 18 አሸነፉ፣ በ2015-16 ደግሞ 10 አሸንፈው 72 ተሸነፉ። ኤምቢድ መጣ፣ ሲመንስ መጣ፣ ፉልትዝ መጣ። ሁለቱ አንደኛ ምርጫ ናቸው። እነዚህን ሁሉ ይዘው ከፕሌይኦፍ (ከጥሎ ማለፉ) ሁለተኛ ዙር ማለፍ አልቻሉም። ደጋፊው «ሂደቱን እመኑ» እየተባለ አረጀ። እኔ የፊላ ደጋፊ ነኝ፣ ይሄንን ስጽፍ ያመኛል።

አሸዋ ሰፈሯ፦
ፊላ ፕሬስቲ አልነበረውም። የሰው ጉዳይ ነው።

ለገሃሬ፦
እሱን እኮ ነው ከመጀመሪያው የምንለው! ሰው ነው እንጂ ሽንፈት አይደለም!

ሳቢያን 23፦
ሰውየው ግን ሠርቶ እስኪያሳይ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜው ደግሞ ያለ ሽንፈት አይመጣም። ዲትሮይት በ2025 ኒው ዮርክን እዚያው ኒው ዮርክ ሜዳ ላይ 100 ለ 94 ሲያሸንፍ የት ነበርክ? ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያ የፕሌይኦፍ ድላቸው። 15 ተከታታይ የፕሌይኦፍ ሽንፈት በዚያች ሌሊት ተቆረጠ። እኔ ወላሂ አለቀስኩ። ያንን 28 ሽንፈት አብሬያቸው ስለቆጠርኩ ነው ያለቀስኩት። አንተ ትንተና ታበዛለህ፣ እኔ ግን ከእነሱ ጋር ነበርኩ።

የከዚራ ልጅ፦
እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ለዚያ ነው የተናደድኩት። ለ28ቱ ሽንፈት የከፈልነው እኛ ነን፣ ምስጋናውን ለሽንፈቱ አትስጥብኝ። ለኬድ ስጠው። ለቢከርስታፍ ስጠው። ሃሪስ ወደ ዲትሮይት ተመልሶ ሲመጣ «አርጅቷል፣ ገንዘብ በዛበት» ያላችሁት እናንተው ናችሁ።

ሳቢያን 23፦
ስለ ሃሪስ ያንን ያልኩት እኔ አይደለሁም። ወደ ላይ ወጥተህ ፈልግ።

የመጋላ፦
እኔ ነኝ ያልኩት። ከፊላ ስለማውቀው ነው።

አሸዋ ሰፈሯ፦
ዩታ በ5ኛ ኤስ ቤይሊን ወስዷል። ሦስት ዓመት ጠብቁና እናያለን።

የከዚራ ልጅ፦
ሦስት ዓመት! ማርካነን ስንት ዓመቱ ነው? እሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ?

ለገሃሬ፦
አሸዋ፣ የሆርፎርድን ጥያቄ አልመለስሽም።