ማሞቂያው ማታ ማታ ይቀዘቅዝብናል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቤቱ ጋዝ የለውም። ያለው ሌሊት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የግድግዳ ማሞቂያ ነው። ውስጡ ከባድ ጡብ አለ፤ ሌሊት ሙቀቱን ይይዝና ቀን ቀስ እያለ ይለቃል። ታሪፉ ኢኮኖሚ 7 ነው። ሌሊት ለ7 ሰዓት ርካሽ ነው፣ ቀን ግን ይወደዳል።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ጠዋት ሁላችንም ስንወጣ ቤቱ ይግላል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ብረቱ ለብ ብሎ ነው የሚያገኙት። ጃኬት ለብሰው የቤት ሥራ ሲሠሩ ሳይ አንጀቴ ይላወሳል።

አናቱ ላይ ሁለት ማዞሪያ አለ። አንዱ ሌሊት የሚጠራቀመውን፣ ሌላው የሚለቀቀውን ሙቀት ይወስናል። የሚለቀውን ሌሊት 1 ላይ አድርጌ፣ ማታ እስከ መጨረሻው እከፍተዋለሁ። ለውጥ የለም። ሳዞረው እጄ ላይ ምንም አይዘኝም፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ሙቀቱን የሚያስወጣው የውስጡ ክዳን ተበላሽቶ ይሆን?

አከራዬ «የድሮ ማሞቂያ እንዲህ ነው፣ ትንሿን ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግዢ» አለኝ። እሷ ደግሞ የምትበላው በቀኑ ታሪፍ ነው፤ ሂሳቡ አይቻልም። የ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ፣ አንቀጽ 11፣ ማሞቂያ መጠገን የአከራይ ግዴታ ነው ይላል። በጽሑፍ ስጠይቀው ምን ብዬ ልጀምር?

ቆጣሪው ላይም ሁለት ቁጥር ይፈራረቃል። የሌሊቱ የትኛው እንደሆነ በምን ልለየው? በእንዲህ ያለ ቤት ክረምቱን ያለፋችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።