ለቤት ኢንተርኔት ባለገመድ መስመር ይሻላል ወይስ በሲም የሚሠራ ራውተር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖራለን። ውጭ አገር ላለ ድርጅት ሒሳብ የምሠራው ከቤት ሆኜ ስለሆነ ማታ ማታ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ መገኘት ግዴታዬ ነው፤ ሁለቱ ልጆቼም ለትምህርታቸውና ቪዲዮ ለማየት ኢንተርኔት የሚፈልጉት በዚያው ሰዓት ነው። እስካሁን የምንጠቀመው ሲም ካርድ በሚገባበት ራውተር ሲሆን፣ ቀን ላይ ደህና ይሠራል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ግን ድምፄ ስለሚቆራረጥ የሥራ ባልደረቦቼ አይሰሙኝም፤ ጥቅሉም ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ባለገመድ መስመር እንዳላስገባ ደግሞ መብራት ሲጠፋና ቤት ስንቀይር ምን እንደሚሆን ያሳስበኛል። ሙያው ወይም ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከኔትወርክ ባለሙያ

እህቴ፣ ባለገመድ የሚባለው ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን አስቀድመው ይወቁ። አንደኛው በአሮጌው የመደበኛ ስልክ የመዳብ ሽቦ የሚመጣው ነው፤ ይህ ከስልክ ጣቢያው በራቁ ቁጥር ፍጥነቱ እየወረደ ይሄዳል፣ በተለይ ከእርስዎ ወደ ውጭ የሚላከው ድምፅና ምስል የሚያልፍበት አቅጣጫ በጣም ጠባብ ነው። ሁለተኛው ፋይበር ነው፤ በመስታወት ክር ውስጥ የሚጓዝ ብርሃን ስለሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር መራቁ ፍጥነቱን አይቀንሰውም። ስለዚህ ጥያቄው መሆን ያለበት ፋይበር ሕንፃችሁ ድረስ ደርሷል ወይ የሚለው ነው። የደረሰው መዳብ ብቻ ከሆነ ለስብሰባ ብለው ገንዘብዎን እንዲያወጡበት አልመክርም።

ማታ ድምፅዎ የሚቆራረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአንድ የሞባይል ኔትወርክ ማማ አቅም በዙሪያው ላሉት ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚከፋፈል ስለሆነ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። በዚያ ላይ ማማው በከፍተኛ ጉልበት ሲያሰራጭ የእርስዎ ራውተር ግን ወደ ማማው የሚልከው ከሩብ ዋት ባነሰ ጉልበት ነው። የኮንክሪት ግድግዳ ሲጨመርበት እርስዎ እየሰሙ፣ እየተመለከቱም፣ ሌሎቹ ግን እርስዎን የማይሰሙበት ሁኔታ ይፈጠራል።

መልስ፦ ከአንድ ተከራይ

እኔ በተወሰነ ደረጃ የተለየ አስተያየት አለኝ። ተከራይ ሰው መስመር ለማስገባት የአከራዩን ፈቃድ መጠየቅ፣ ተራ መጠበቅ፣ ቤት ሲለቅ ደግሞ ዝውውር ማመልከት አለበት፤ አዲሱ ሰፈር መስመር ከሌለው ዝውውሩ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለዎትን ራውተር በአግባቡ ይሞክሩት። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካስቀመጡት አንሥተው መስኮት አጠገብ ያድርጉት። በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ የሲግናል መጠን በኔጌቲቭ ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ፤ በ−80ዎቹ ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወደ −110 ከተጠጋ ግን ደካማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም በተጨማሪ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ስላለ፣ የሌላኛውን ሲም ገዝተው በዚያው ክፍል፣ በዚያው የስብሰባ ሰዓት ይለኩ። ቀን የተለካ ፍጥነት ለእርስዎ ምንም አይነግርዎትም። ያልተገደበ የሚባል ጥቅል ሲገዙም ከተወሰነ አጠቃቀም በኋላ ፍጥነቱ ይቀንስ እንደሆነ ውሉን ያንብቡ።

መልስ፦ ስለ መብራት

መብራትን በተመለከተ እኔ ልጨምር። የድሮው የመዳብ ስልክ መብራት ቢጠፋም የሚሠራው ኃይሉ ከጣቢያው በሽቦው ስለሚመጣ ነበር። ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አይሸከምም፤ ቤት ውስጥ የሚተከለው ሳጥን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። አብዛኞቹ ሳጥኖች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ባለባትሪ ዩፒኤስ ለሰዓታት ያቆያቸዋል፤ ሲገዙ ግን በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ከዩፒኤሱ ጋር ያመሳክሩ። መብራት ሲጠፋ ሲም ይሻላል ብለው እንዳይዘናጉ፤ ማማውም የሚቆየው በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ሲሆን፣ የሰፈሩ ሰው ዋይፋዩ ሲጠፋበት በሙሉ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞር በዚያ ሰዓት ይበልጥ ይጨናነቃል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳሎን ውስጥ −108፣ በረንዳው በር አጠገብ −94 አገኘሁ። ራውተሩን ወደዚያ ባዛውረው ቀኑ ተሻሻለ፤ ማታው ግን ብዙም ለውጥ የለውም። ምድር ቤት ደረጃው ሥር የፋይበር ማከፋፈያ ሳጥን መኖሩን አንድ ጎረቤቴ አሳየኝ፤ አከራያችንም ግድግዳ እስካልተቦረቦረ ድረስ ፈቅደዋል። ስንት ሜጋ ቢት ብገዛ ይበቃኛል?

መልስ፦ ከኔትወርክ ባለሙያው

እንግዲያውስ ፋይበሩን ያስገቡ። ጥሩ ጥራት ያለው የቡድን ስብሰባ በሰከንድ እስከ 4 ሜጋ ቢት ገደማ፣ አንድ ጥራት ያለው ቪዲዮ ደግሞ 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይወስዳል። እርስዎ ስብሰባ ላይ ሆነው ሁለቱ ልጆች ለየብቻ ቢያዩ 14 ይሆናልና ከ15 እስከ 20 ያለው ለቤትዎ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ለመግዛት አይቸኩሉ። ጥቅሉ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ከዚሁ ሒሳብ ያገኙታል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 2.25 ጊጋ ባይት ይበላል። ሁለት ልጆች በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢያዩ በወር 270 ጊጋ ባይት ነው፤ በጊጋ የሚገዛ የሞባይል ጥቅል ይህን ያህል ሲሸከም ወጪው አይቻልም።

ሠራተኞቹ ሲመጡ ገመዱ በነባሩ የስልክ መስመር ቱቦ እንዲገባ ይጠይቁ፤ እንዲህ ከሆነ ግድግዳ አይነካም። የፋይበር ገመድ ከታጠፈ ብርሃኑ ስለሚባክን በበር ሥር ወይም ከሶፋ ጀርባ ተጣጥፎ እንዳይቀር አጠገባቸው ቆመው ይመልከቱ። የሥራ ኮምፒውተርዎን በዋይፋይ ሳይሆን በኔትወርክ ገመድ ከሳጥኑ ጋር ያገናኙ። የሲም ራውተሩንም አይሽጡት፤ መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ስለሚቆረጥ፣ ትንሽ ጥቅል እየሞሉ ለመጠባበቂያ ያቆዩት።

ከተከራዩ

ሳጥኑ ሕንፃው ውስጥ ካለ የእኔ ተቃውሞ አብዛኛው ይወድቃል። ቤት ለመቀየር ሲያስቡ ግን ውል ከመፈረምዎ በፊት የአዲሱን ቤት አድራሻ ይዘው በአቅራቢያዎ ባለ የኢትዮ ቴሌኮም ማዕከል ፋይበር መኖሩን ያረጋግጡ።

ከጠያቂዋ

ዛሬ አመልክቻለሁ። መስመሩ ቢቋረጥ ብልሽቱ ከእኛ ቤት ይሁን ከውጭ በምን እለየዋለሁ?

መልስ፦ ከኔትወርክ ባለሙያው

በሳጥኑ ላይ «ኤል ኦ ኤስ» (LOS) የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት አለ። ቀይ ሆኖ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ወደ ሳጥኑ እየደረሰ አይደለም ማለት ነውና፣ ሳጥኑን አጥፍቶ ማብራት አይጠቅምም፤ ገመዱ ከሳጥኑ ጋር በደንብ መሰካቱን ካዩ በኋላ 994 ደውለው ቀይ መብራት መብራቱን ይንገሯቸው። ቀዩ ካልበራና ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ግን መጀመሪያ የወር ክፍያዎን፣ ቀጥሎ የዋይፋይ ማስተካከያዎን ይፈትሹ።