የዘጠኝ ዓመት ልጅ በብስክሌት ብቻውን ትምህርት ቤት ይሂድ?

ጥያቄ፦ እናት፣ ከፍራንክፈርት
ጤና ይስጥልኝ። ሦስተኛ ክፍል ያለው ልጄ እንደ ጓደኞቹ ብቻውን በብስክሌት ትምህርት ቤት እንዲሄድ እንድፈቅድለት በየጊዜው ይለምነኛል። መንገዱ በአብዛኛው ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ቢሆንም፣ የጭነት መኪኖች ወደ ቀኝ የሚታጠፉበት አንድ መስቀለኛ መንገድ እጅግ ያስጨንቀኛል። ከፖሊስ ጋር በመተባበር የሚሰጠው የብስክሌት ፈተና አራተኛ ክፍል ሲደርስ ስለሆነ፣ እስከዚያ ላቆየው? እናንተስ ባላችሁበት አገር ምን ታደርጋላችሁ?

ምላሽ፦ አባት፣ ከኮሎኝ
እህቴ፣ ጭንቀትሽ ተገቢ ነው። በጀርመን ሕግ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ አስፋልቱ ላይ እንዳይነዳ የተከለከለ ሲሆን፣ 10 ዓመት እስኪሞላው ደግሞ በእግረኛ መንገድ መንዳት ይፈቀድለታል፤ መንገድ ሲሻገር ግን ወርዶ መግፋት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮም 10 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከመኪና ጋር በሚፈጠር አደጋ፣ ሆን ብሎ ካላደረሰው በቀር፣ ካሳ አይጠየቅም፤ በዚህ ዕድሜ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት መገመት እንደሚከብድ ሕጉ ራሱ ተቀብሏልና። እኔ ብሆን ያን መስቀለኛ መንገድ ብቻውን እንዲሻገር አልፈቅድም። የጭነት መኪና ሹፌር በጎኑ ያለውን ልጅ ላያየው ስለሚችል፣ ምንጊዜም ከመኪናው ኋላ እንጂ ከጎኑ እንዳይቆም ደጋግመሽ አስተምሪው።

ምላሽ፦ እናት፣ ከዩትሬክት
እዚህ ሆላንድ ልጆች ያለ ሥጋት የሚነዱት መንገዱ ለእነሱ ስለተሠራ ነው። እንዲህ የሆነው ግን በቀላሉ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በመኪና አደጋ ከሞቱት ከ3000 በላይ ሰዎች መካከል ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ያን ጊዜ ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ፤ የ1973 የነዳጅ ቀውስም ተጨምሮበት፣ ከመኪና የተለየ የብስክሌት መስመር እየተስፋፋ፣ በመኖሪያ ሰፈሮችም የመኪና ፍጥነት እየተገደበ መጣ። ተማሪዎች የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ሲቃረቡ የትራፊክ ፈተና ይወስዳሉ፤ ሆኖም 14 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መኪና ከገጨው፣ ጥፋቱ የልጁ ቢሆን እንኳ ካሳው በአብዛኛው በባለመኪናው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እህቴ፣ በልጅሽ ችሎታ ላይ ብቻ ሳትተማመኚ፣ ያን መስቀለኛ መንገድ የሚመለከተው አካል እንዲያስተካክለው ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ምላሽ፦ አባት፣ ከባሕር ዳር
ከተማችን ሜዳማ ስለሆነች ብስክሌት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ተማሪው ግን ከባጃጅና ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄደው። ልጄ ቢረዝምበትም ዋናውን ጎዳና ትቶ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በቡድን ይሄዳል። ፍሬኑንና የጎማውን ነፋስ ሳላይ ከግቢ አይወጣም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጊዜው ልጄ በእግረኛ መንገድ እስከ መስቀለኛው ድረስ ይነዳል፤ እዚያም አባቱ ወይም እኔ ጠብቀን እናሻግረዋለን። ጥያቄውንም በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ አቀርባለሁ፤ ለከተማ አስተዳደር እንዲህ ያለ ማመልከቻ አስገብታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ምን ማስረጃ ማያያዝ እንዳለብኝ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።