ተሟጋች እናሠልጥን ወይስ ቦኖ እንጠግን?

አወያይ፦
የዛሬውን ክርክር ያመጣው በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ አባላችን ነው። ለመጪው ዓመት ትንሽ ገንዘብ ተገኝቷል። አንዱ ወገን «ከየቀበሌው ሰው መርጠን፣ በሽታን ከሥሩ የሚከላከሉ የማኅበረሰብ ተሟጋቾች እናሠልጥንበት» ይላል። ሌላው ደግሞ «የተበላሹ የውኃ ቦኖዎችን እንጠግንበት» ይላል። ለሁለቱም አይበቃም። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ? ስድብ ክልክል ነው፤ በአበል መቀለድ ግን ይፈቀዳል።

ሒሳብ አዋቂ፦
በቀልዱ ልጀምር፤ ለእኔ ቀልድ አይደለምና። ሥልጠና ሲባል የማውቀው የአዳራሽ ኪራይ፣ የውሎ አበል፣ የትራንስፖርት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሻይ ቡና፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ጀርባው ላይ መፈክር የታተመበት ቲሸርት ነው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ምስክር ወረቀት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ሰነዱን የማወራርደው እኔ ነኝ። ስንት ሰው እንደ ፈረመ የሚያሳይ ወረቀት ሞልቶኛል፤ ስንት ልጅ ከተቅማጥ እንደ ተረፈ የሚያሳይ ግን አንድም ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አልደረሰም።

ሠልጣኟ ወደ ቀበሌዋ ተመልሳ «እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» ትላለች። ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት የወጣች ሴት ያንን ውኃ ለወጥ፣ ለመጠጥና ለጥጃ ታብቃቃው ወይስ እጅ ላይ ታፍስሰው? መታጠብ ደግ መሆኑን ማን አጣው! ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይባላል፤ እዚህ ግን የሚወቀጠው ውኃም የለም። እኔ ለቦኖው ነኝ።

የቀድሞዋ ሠራተኛ፦
በቲሸርቱ አልከራከርዎትም። እኔም ሁለት አለኝ፤ አንዱ አሁን የወለል መወልወያ ሆኗል። በቀረው ግን ልከራከርዎት ነው።

ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ሠልጥኜ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛነት ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ሐሳቡ ይኸው ዛሬ የምንከራከርበት ነበር፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ይመደቡና ጤና ኬላ ተቀምጠው በሽተኛ ከሚጠብቁ በሽታው ሳይመጣ ቤት ለቤት ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆነ። ሁሉንም እኛ አደረግነው አልልም፤ ክትባቱም፣ አጎበሩም፣ መንገዱም ድርሻ አለው። ግን ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ተሸክሞ ወንዝ የተሻገረ ማን ነው? አጎበሩ አልጋ ላይ እንዲሰቀል እንጂ የእህል መቋጠሪያ እንዳይሆን ደጅ ለደጅ የተሟገተውስ?

መፀዳጃ ቤትንም ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ ኢትዮጵያዊ 92ቱ ሜዳ ላይ ይፀዳዳ ነበር፤ በ2015 ወደ 29 ወረደ። ያን ሁሉ ጉድጓድ የቆፈረው ገበሬው ራሱ ነው፣ በገዛ ዶማው። ያስቆፈረው ምክር ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን እውነቱን ልናገር። ከወረዳ ሰው ይመጣል ሲባል በየመፀዳጃው ደጃፍ ለእጅ መታጠቢያ የተንጠለጠለችው ቀዳዳ ያላት ጀሪካን ትሞላለች። ሰውየው በሄደ ማግስት ባዶ ናት። አንድ ቤት ሳይጠሩኝ ደርሼ ክዳኗን ብከፍት ሸረሪት አድርታባታለች። የቤቱ እመቤት ትምህርታችንን ጨርሳ «ሞዴል ቤተሰብ»፣ ማለትም ለጎረቤት አርአያ፣ ተብላ የተመረቀች ሴት ናት። አየችኝ፣ አየኋት፣ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነፈስንም። ቡና አፍልታ አጠጣችኝ። ቦኖው ከተበላሸ አምስተኛ ወሩ ነበር።

ሒሳብ አዋቂ፦
እኔስ ምን አልኩ?

የወንጂው፦
ሁለታችሁም ክርክሩን በተቅማጥ ዙሪያ ተከላችሁት። እኔ ሌላ ጉዳይ ላምጣ።

ያደግሁት ወንጂ፣ በስኳር ፋብሪካው ሠፈር ነው። ጥርሴ ቡናማ ነው፤ የትም ብሄድ አፌን ስከፍት «የስምጥ ሸለቆ ሰው ነህ?» ይሉኛል። ጥርስስ ምንም አይደለም። ጎረቤታችን የነበሩ ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሸንኮራው ማሳ የሠሩ ሰው፣ አንገታቸውን ማዞር አይችሉም ነበር። ከኋላ ሰላም ስንላቸው መላ አካላቸውን እንደ በር አዙረው ነው የሚመልሱልን። እኛ ልጆቹ እርጅና ይመስለን ነበር። ምክንያቱ ከጉድጓድ የምንጠጣው ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። በጥቂቱ ለዓመታት ሲጠጣ ልጅን ጥርሱን፣ አዋቂን አጥንቱን ይይዛል።

ታዲያ ለእናቴ የሠለጠነ ሰው መጥቶ ምን አላት? «ውኃውን አፍልታችሁ ጠጡ።» እናቴ ደግሞ ትእዛዝ አክባሪ ናት፤ ከሰሏን እየጨረሰች በየማታው ታፈላ ነበር። ፍሎራይድ በመፍላት አይጠፋም። ይልቁንም ውኃው ሲተን የቀረው ላይ መጠኑ ይበረታል። መካሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሰጠው ማስተማሪያ ስለ ጀርም ብቻ ነበር።

ሒሳብ አዋቂ ደስ አይበልዎት። እዚያ አገር ያለውን ቦኖ ቢጠግኑልን መርዙን በተሻለ ፍጥነት እንቀዳዋለን፣ ሌላ ምንም። በመጀመሪያ «ይህ ውኃ ተመርምሯል ወይ? ውጤቱ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ተሟጋች የምለው እሱን ነው።

ዳር ተመልካች፦
ሥልጠናውም አልረባም፣ ቦኖውም አልረባም። ገንዘቡን ለእኔ ላኩልኝና ክርክሩ ይዘጋ።

ተመራማሪ፦
ሁለቱን ወገን እኩል የሚያስቀይም ነገር ልጨምር። በዋግ ኽምራ 40 የገጠር መንደሮች ላይ ትራኮማ የሚባለውን ተላላፊ የዓይን በሽታ በተመለከተ ጥናት ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ የውኃ ነጥብ ተሠራላቸው፣ ሳሙና ተሰጣቸው፣ በትምህርት ቤትና በየቤቱ ስለ ፊት መታጠብ የሚያስተምሩ ሰዎች ተመደቡላቸው። የቀሩት ግማሾቹ ጥናቱ እስኪያልቅ ይህ ሳይደረግላቸው እንዲቆዩ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ በልጆቹ ዓይን ላይ የተገኘው የትራኮማ ተሕዋስ በሁለቱ ወገን የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ውኃም አስተማሪም አንድ ላይ ገብተው ማለት ነው።

የቀድሞዋ ሠራተኛ፦
ጥናቱን አከብራለሁ። ግን የለካው አንድ ተሕዋስ ነው። ውኃ የመጣላት ልጅ በቀን ስንት ሰዓት መንገድ እንደ ቀረላት፣ ትምህርት ቤት ስንት ቀን እንደ ዋለች በዓይን ናሙና አይታይም።

ተመራማሪ፦
ትክክል ነው። እኔም ውኃ አይሠራ አላልኩም። «ትራኮማን ያጠፋል» ብለን ቃል ገብተን አናሠራው ነው ያልኩት፤ ሳያጠፋ ሲቀር ለጋሹ ውኃውንም ይዞ ይሄዳል።

ከሚሺጋን፦
እኔ የምኖረው ከፍሊንት ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ነው፤ የወንጂው ወንድማችን ያሉትን ሳነብ የመጣብኝ የእነሱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ከተማው ወጪ ለመቆጠብ ከዲትሮይት ይገዛ የነበረውን ውኃ ትቶ ወደ ፍሊንት ወንዝ ዞረ። ቧንቧ እንዳይበላ የሚጨመረው መድኃኒት አልተጨመረም፤ ከአሮጌው ቧንቧ እርሳስ እየታጠበ ልጆች ጠጡት። እናቶች ቡናማ ውኃ በጠርሙስ ይዘው ስብሰባ ላይ እየቆሙ አሳዩ። ባለሥልጣናቱ «ደኅና ነው» አሉ። በመስከረም 2015 ሞና ሃና አቲሻ የምትባል የሕፃናት ሐኪም በልጆች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ መጨመሩን በቁጥር አሳየች፤ በቀጣዩ ወር ከተማው ወደ ዲትሮይት ውኃ ተመለሰ። አሜሪካም ቢሆን ቧንቧ መኖሩ ብቻውን ማንንም አላዳነም። ያዳነው የሚጮኽ ሰውና ቁጥር የያዘ ሰው መገናኘታቸው ነው።

ሒሳብ አዋቂ፦
በጣም ጥሩ ምሳሌ አመጡ፤ ግን ለእኔ ወገን ነው። እነዚያን እናቶች ማን አሠለጠናቸው? በስንት አበል? ማንም! ልጇ ሽፍ ያለባት እናት ለመጮኽ የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት የሚሰማት ነው። የማይሰሙትን ሰው «ተሟጋች» ብላችሁ ቲሸርት ብታለብሱት የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።

የዕድሩ ጸሐፊ፦
ልጆቼ፣ ስድብ የሌለበት ክርክር ማንበብ ደስ ይላል። እኔ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «ተሟጋች» የሚለውን ቃል ዛሬ በቀላሉ እንጽፈዋለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ለዐሥር ዓመት ያህል ድርጅቶቹ ሲያሠለጥኑ የኖሩት አስተማሪ ነው፤ እጅህን ታጠብ፣ ጉድጓድ ቆፍር፣ አጎበር ስቀል የሚል። «ውኃችን ለምን አይመረመርም?» የሚል ሰው ማሠልጠን ነገር ያመጣ ነበር። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረ። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር 1112 ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ነው፤ የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ያስወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን የከለከለ። ኳስ ለማየት በተቀመጥን ቁጥር የልጅ ልጆቼ የቢራ ዘፈን እየዘፈኑ ሲያድጉ አይቻለሁ፤ ያንን ምክር አላቆመውም፣ ሕግ አቆመው። ሁለቱ አዋጆች ጎን ለጎን መቆማቸው አጋጣሚ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ሒሳብ አዋቂ «ማን ይሰማል?» አሉ። በእኛ ሠፈር የፍሳሽ ጉድጓድ ገንፍሎ በልጆች መጫወቻ ላይ ይፈስ ነበር። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍን። ሦስተኛውን ደብዳቤ ስንወስድ አንዲት የዕድራችን እናት ከፍሳሹ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታ በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ኃላፊው «አመልክታችሁ ጠብቁ» ማለት ሲጀምር ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ከፈተች። ሰውየው መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተ፣ ቀጥሎ ስልኩን አነሣ። በሳምንቱ መኪና መጣ። ያችን ሴት ማንም አላሠለጠናትም፣ እውነት ነው። ግን የት ቢሮ እንደሚገባ፣ ደብዳቤው በማን ስም እንደሚጻፍ፣ ቁጥርና ማኅተም ሳይዙ አለመመለስ እንደሚያስፈልግ የነገርኳት እኔ ነኝ። እኔም አንድ ቀን ከሌላ ሰው ነው የተማርኩት። ይህ ሥልጠና ካልሆነ ምን ይባላል?

ሒሳብ አዋቂ፦
አባቴ፣ የእርስዎን ሥልጠና እቀበላለሁ። አዳራሽ አልተከራዩም።

የወንጂው፦
ነጠላዋን ወድጄዋለሁ።

የቀድሞዋ ሠራተኛ፦
ጋሽ ጸሐፊ የተናገሩት አንድ የረሳሁትን ነገር አስታወሰኝ። በየሦስት ወሩ የምንሞላው የሪፖርት ቅጽ ነበር። ስንት መፀዳጃ ተቆፈረ፣ ስንት እናት ተማረች፣ ስንት አጎበር ታደለ፣ ስንት ቤተሰብ ሞዴል ሆነ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ሁሉም ከላይ ወደ ታች የወረደውን የሚቆጥሩ ናቸው። ሰው ምን ጠየቀ የሚል ዓምድ ግን አልነበረውም። ያችን ጀሪካን ባየሁበት ሩብ ዓመት ቅጹን ስሞላ፣ ከዳር ባለው ነጭ ቦታ ላይ «የሁለት ጎጥ ሰዎች ቦኖው እንዲጠገን ጠይቀዋል፤ አምስት ወር ሆኖታል» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ተቆጣጣሪዬ መልሶ ላከልኝ። ቅጹ ተበላሽቷል፣ ንጹሕ ቅጂ ላኪ አለኝ። ንጹሕ ቅጂ ላክሁ።

ስለዚህ ለጠየቀው ወንድማችን የምመልሰው ይህ ነው፤ አሠልጥኑ፣ ግን የምታሠለጥኑት ሰው ወደ ላይ የሚልከውን የሚቀበል ቦታ ካላዘጋጃችሁ ገንዘቡን ለቦኖው አድርጉት። ቢያንስ ቦኖ ንጹሕ ቅጂ አይጠየቅም።

ሒሳብ አዋቂ፦
በዚህ እንኳ ተስማማን።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እያነበብኩ ቅጹን ከመሳቢያዬ አውጥቼ አየሁት። ከሥሩ «ልዩ ልዩ» የሚል ሁለት መስመር አለው። ያለፈውን ዓመት የ31 ቀበሌ ሪፖርት አገላበጥኩ፤ በአንዱ ላይ ብቻ ተጽፎበታል፤ «እስክሪብቶ አልቋል» ይላል።

ሒሳብ አዋቂ፦
አዲስ ዓምድ ጨምሮ ቅጹን ማባዛት ስንት ይፈጃል?

ጠያቂው፦
የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው። ቶነሩ ካለ።

የወንጂው፦
ዓምዱን ስትጨምር አጠገቡ «የውኃው ምርመራ የተደረገበት ቀን» የሚል አንድ ሌላ ጨምርልኝ።