ራምፑ አልገባ አለኝ

በአንድ ከተማ አስተዳደር ፕላን መርማሪ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የአዲስ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጂ+3 ሕንፃ ንድፍ አለ። ክፍሎቹ፣ መብራቱ፣ ደረጃው ችግር የለባቸውም። የያዘኝ መግቢያው ነው።

የምድር ወለሉ ከግቢው በ90 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲሜትር የሆኑ ስድስት ደረጃዎች። ራምፑ (ለዊልቸር የሚሆነው ተዳፋት መውጫ) ግን በስኬል ሩለር ስለካው 4.5 ሜትር ብቻ ነው። ይህ 1 ለ 5 ነው (1 ሜትር ለመውጣት 5 ሜትር ርዝመት)፤ ዊልቸር ይቅርና እኔም በዝናብ ጊዜ አልወጣውም። በ1 ለ 12 ከሄድን 10.8 ሜትር ያስፈልጋል። የሕንፃ አዋጁም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል።

ሁለት ጊዜ አስተያየት ጽፌ መለስኩት። በሁለተኛው ዙር አርክቴክቱ «1፡12» ብሎ ጽፎ ላከልኝ። መስመሩ ግን ያው 4.5 ሜትር ነው! ቁጥሩ ታረመ፣ ራምፑ ባለበት ቀረ።

ከዚያ ራሴ ሞከርኩ። ከበሩ እስከ አጥሩ 7.5 ሜትር አለ። ራምፑን እኩል ለሁለት አጥፌ፣ በየጫፉ 1.5 ሜትር ማረፊያ ስሰጠው 8.4 ሜትር ሆነ። 90 ሳንቲሜትር ጎደለኝ። በግድግዳው ጎን ለጎን እንዳላስኬደው በግራ የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን፣ በቀኝ የመኪና መግቢያ አለ። ወለሉን ዝቅ እንዳላደርገው ደግሞ የግቢው ጥበቃ በክረምት ውሃው እስከ ጉልበት እንደሚደርስ አሳይቶኛል።

ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ፣ ወለሉ ሳይነካ ራምፑን በዚህ 7.5 ሜትር ውስጥ እንዴት ላስገባው?