ድቅል ላም ማስመዝገብ ይቻላል? ወይስ ለንጹህ ዝርያ ብቻ ነው? (አዳማ)

የቤዛ እናት (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቦኩ ሸነን አካባቢ የወተት ላሞች አሉን። ሦስቱ ከአሰላ በኩል የመጡ ድቅሎች ናቸው። አራተኛዋን ደላላው «ንጹህ ፍሪዝያን ናት» ብሎ ነው ያስገዛን፤ ቡራቡሬ ናት፣ ወተቷም ደህና ነው። አሁን ጊደሮች ደርሰውልናል። በቀደም ከሐዋሳ አንድ ገዢ መጥቶ አያቸው፣ ወደዳቸው፣ ዋጋ ልንቆርጥ ስንል «የደም መጠናቸው ስንት ነው? አባታቸው ተመዝግቧል?» አለ። 75 በመቶ የፈረንጅ ደም አላቸው አልነው። «በቃል አልገዛም» ብሎ ሄደ። ሰውዬው ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ውጭ አገር የዝርያ ማኅበር የሚባል አለ፣ ከብቱ ሲወለድ ጀምሮ በመዝገብ ይገባል ሲባል እሰማለሁ። ድቅልም ይመዘገባል ወይስ ንጹህ ብቻ ነው? የእናቱ አባት ያልታወቀ ከብትስ ምን ይደረጋል? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ፣ ጊደሮቹን በሥርዓት መያዝ እፈልጋለሁ።

አዳቃይ ነኝ

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ከብቱ ካደገ በኋላ የሚወጣ አይምሰልሽ። ምዝገባ የሚጀምረው ላሟ ደርታ (ኮርማ ፈልጋ) በተዳቀለችበት ቀን ነው። የትኛውም ማኅበር፣ የትም አገር ይሁን፣ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ያንን ነው፦ አባት ማን ነው፣ እናት ማን ናት፣ መቼ ተዳቀለች፣ መቼ ወለደች።

የደም መጠን ስሌቱ ቀላል ነው። የአባትና የእናት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል። የቦረና ላም በንጹህ ሆልስታይን (ፍሪዝያን የምንለው) ስትዳቀል ጥጃዋ 50 በመቶ ናት። እሷ እንደገና በንጹህ ኮርማ ከተዳቀለች 75 ትወልዳለች። ቀጥሎ 87.5፣ ቀጥሎ 93.75። የ75 ኮርማ ለ50 ላም ከሰጠሽ 62.5 ይመጣል። አንድ ነገር ልብ በይ። 50 የሆነችው የመጀመሪያዋ ድቅል ልክ ግማሽ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ አማካይ ነው። ሁለት እህትማማቾች በወረቀት 75 ቢሆኑም አንዷ ትንሽ ከፍ፣ ሌላዋ ትንሽ ዝቅ ልትል ትችላለች።

የአባለዘሩ ስትሮ (ዘሩ የሚታሸግባት ቱቦ) ላይ የኮርማው ቁጥርና ዝርያው ታትሟል። በጣም ቀጭን ናት፣ ጽሑፉም ደቃቅ ነው፣ ግን ይነበባል። አዳቃዩ ሲጨርስ ባዶዋን ስትሮ ስጠኝ በዪው። ጠርገሽ ደብተርሽ ላይ በፕላስተር ለጥፊያት፣ ከጎኗ የላሟን የጆሮ ቁጥርና ቀኑን ጻፊ። እኔ የማዳቅልላቸው ሰዎች እንደዚህ ሲያደርጉ ደስ ይለኛል፤ በኋላ «ያኔ የሰጠኸን የትኛው ኮርማ ነበር?» እያሉ አይደውሉም።

ሁለት ጊዜ ከተዳቀለችም ሁለቱንም ጻፊ። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ስለምትደራ፣ መጀመሪያ ካልያዘች በሌላ ኮርማ ትደገማለች። እርግዝናው ወደ 280 ቀን ስለሆነ ከወለደችበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥረሽ የትኛው እንደያዘ ትለያለሽ። የጎረቤት ወይፈን በመሃል ከጠቃት ግን እሱንም ጻፊ። ጥጃውን በኮርማው ስም ማስመዝገብ ትልቅ በደል ነው።

ሐዋሳ ታቦር

የገዢውን ወገን እኔ ልናገር፣ እዚሁ ሐዋሳ ጊደር እገዛለሁና። ቡራቡሬነት ማስረጃ አይደለም! ስንት ሰው በዚህ ተበልቷል መሰላችሁ። የፎገራ ከብት ራሱ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ነው፣ ጣና ዙሪያ ሞልቷል። በተቃራኒው የመጀመሪያዋ የቦረናና የሆልስታይን ድቅል አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላ ጥቁር ሆና፣ ነጯ ሆዷ ሥርና ጡቷ አካባቢ ብቻ ሆኖ ትወጣለች። ምክንያቱም አንድ ወጥ ቀለም ቡራቡሬውን ይጫነዋል። ስለዚህ ደላላ «ነጠብጣቧን እያት» ሲለኝ ቀለሙን ትቼ ሻኛዋን፣ የአንገቷን ቆዳና የጡቷን አቀማመጥ ነው የማየው። እሱም ቢሆን ግምት ነው። ደብተር ያላት ጊደር ካገኘሁ ጨምሬ እገዛለሁ፣ ይህን በእውነት ነው የምላችሁ።

የቤዛ እናት፣ ፎቶም አንሺ። ግራ ጎን፣ ቀኝ ጎን፣ ግንባር። የቡራቡሬ ከብት ነጠብጣብ ከጥጃነት እስከ እርጅና ቦታውን አይለቅም። ድሮ የሆልስታይን ማኅበራት በዚህ ነበር የሚለዩት፣ ሁለቱን ጎን በእጅ እየሣሉ። የጆሮ ቁጥር ተቀድዶ ሊወድቅ ይችላል፣ ፎቶው ይቀራል።

ናይሮቢ የነበርኩ

ድቅል ይመዘገባል ወይ ለሚለው፣ እንደ ማኅበሩ ነው። ዝግ መዝገብ ያላቸው አሉ። ለምሳሌ የአሜሪካው አንገስ (የሥጋ ከብት ዝርያ) ማኅበር ሁለቱም ወላጆች ካልተመዘገቡ ጥጃውን አይቀበልም፣ አለቀ። ክፍት መዝገብ ያላቸው ደግሞ በደረጃ ያሳድጋሉ። አንዳንድ የሥጋ ከብት ማኅበራት ላሟ 7/8፣ ኮርማው 15/16 ሲደርስ ንጹህ ብለው ይጽፉታል።

ለእኛ የሚቀርበው የኬንያው ነው። ኬንያ ስቱድ ቡክ (የአገሪቱ የከብት ዘር መዝገብ) ውስጥ አራት እርከን አለ፦ ፋውንዴሽን፣ ኢንተርሚዲየት፣ አፔንዲክስ፣ ፔዲግሪ። የዘር ሐረጓ ያልታወቀ ላም የዝርያውን መልክ ከያዘች ፋውንዴሽን ተብላ ትገባለች። ልጇ ከተመዘገበ ኮርማ ከተወለደች አንድ እርከን ትወጣለች። የልጅ ልጇ ሌላ እርከን። ስለዚህ የእናቲቱ ላም አባት አለመታወቁ በር አይዘጋብሽም፤ ከዛሬ ጀምሮ ያለው ትውልድ ነው የሚቆጠረው። ደግሞ የኬንያ ቦረና አርቢዎች በፈረንጆቹ 1951 ማኅበር አቋቁመው ዛሬ ኮርማቸውን ውጭ አገር ይሸጣሉ። ያ ከብት ከእኛው ቦረና የሄደ ነው። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። ከብቱ አለን፣ አርቢው አለን፣ መጻፉ ላይ ነው የቀረነው።

እኛም አገር ጅምር አለ። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የሚመራው የአፍሪካ የወተት ዘረመል ማሻሻያ ፕሮጀክት ኢትዮጵያና ታንዛኒያ ላይ ነው የተጀመረው። ላሞችን በጆሮ ቁጥር እየመዘገበ፣ ወተታቸውን እየለካ፣ ውጤቱን ለገበሬው ይመልስ ነበር። የከተማችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት እንስሳት ክፍል ሂጂና በአዳማ ምን ዓይነት ምዝገባ እንዳለ ጠይቂ።

ከወንጂ መታጠፊያ

ሁሉም የተባለው ልክ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሰው መመዝገብ ሲጀምር ቁጥር ማሳደድ ይመጣል። 75 ነበረች፣ 87 ላድርጋት፣ 93 ላድርጋት። አዳማ እኮ ነው ያለነው! ሆልስታይን የሰሜን ኔዘርላንድና የሰሜን ጀርመን ከብት ነው፣ ብርድ ነው የሚስማማው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ መብላት ይቀንሳል፣ ያለከልካል፣ ወተቱ ይወርዳል፣ ሲዳቀልም ቶሎ አይይዝም። መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ከፍተኛ ደም ያላት ላም ያለበት በረት ግቡና እዩ፤ ምላሷን አውጥታ ቆማ ነው የምታገኟት፣ መኖው ከፊቷ እንዳለ ነው። እንደ እኛ መኖ በፉርሽካና በፋጉሎ እየተቆጠበ ለሚያረባ ሰው በአገራችን ሲመከር የኖረው ከ50 እስከ 62.5 ነው። ስለዚህ ምዝገባው ድቅልን ንጹህ ለማስባል አይሁን። 62.5 ከሆነች 62.5 ተብላ ትጻፍ፣ በኩራት ትሸጥ።

የቤዛ እናት (አዳማ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከወንጂ መታጠፊያ ያለኸው ወንድሜ፣ የልቤን ነው የተናገርከው። ያቺ ቡራቡሬዋ ሚያዝያ ላይ በጣም ነው የምትጎዳው፣ ድቅሎቹ ግን ምንም አይሉም። አሁን የቀረኝ፣ ያሉትን ጊደሮች እንዴት ላድርግ? የሁለቱ አባት በአዳቃዩ መዝገብ ላይ ይገኝ ይሆናል፣ የሦስተኛዋ ግን አይታወቅም። እሷ ደግሞ መንታ ሆና ከወንድ ጋር የተወለደች ናት።

አዳቃይ ነኝ

ሦስተኛዋን ለዘር እንዳትሸጫት! ከወንድ ጋር መንታ የተወለደች ሴት ጥጃ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ መካን ናት፤ በማኅፀን ውስጥ የወንዱ ሆርሞን በደም ስለሚደርሳት የመራቢያ አካሏ በደንብ አያድግም። ለዚህ ነው የዝርያ ማኅበራት የምዝገባ ቅጻቸው ላይ መንታ ነች ወይ ብለው የሚጠይቁት። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይመርምራት። መካን ከሆነች ለሥጋ ትሁን፣ ለገዢውም በግልጽ ንገሪው።

ለሁለቱ የአዳቃዩን መዝገብ ቶሎ ገልብጪ። ቁጥሩን በስልክ እንዳትቀበይ፣ ገጹን ፎቶ አንሺው፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ኮርማው ሌላ ይሆናል። አባትየው ከታወቀ ሌላም ጥቅም አለው፣ ጊደሯን መልሰሽ በገዛ አባቷ እንዳታስጠቂያት። ብዙ በረት ውስጥ የማየው ችግር ይህ ነው፣ አንድ ኮርማ ልጁንም የልጅ ልጁንም ያዳቅላል፣ ጥጃው ቀጭጮ ይወለዳል።

እርግጡን ማወቅ ካስፈለገ የዘረመል ምርመራ አለ። ከጭራዋ ጫፍ ፀጉር ከነሥሩ ይነቀላል፣ በመቀስ የተቆረጠ አይሠራም፣ ሥሩ ላይ ነው ጉዳዩ ያለው። በደረቅ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከነጆሮ ቁጥሯ ይቀመጣል። ወላጇንም የደም መጠኗንም ያሳያል። ለአንድ ጊደር ብለሽ አትልፊበት፣ ኮርማ ለዘር ልታሳድጊ ካሰብሽ ግን ያዋጣል። የጆሮ ቁጥር ከሌላቸው ደግሞ ከሁሉም በፊት እሱን አስገቢላቸው፣ ቅዳሜ በዚያ በኩል ስለማልፍ ይዤልሽ ልመጣ እችላለሁ።